ቀይ ገብስማ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እየተባለ ላደገ ሰው፣ ዝንብ ሲያስር መገኘት ያሳፍራል። አንበሳው ቀርቶብኝ ጥጃ እንኳ ባስር አንድ ነገር ነበር። እኔ ግን በረዶ በጣለ ቁጥር እዚህ ዴንቨር ውስጥ የምግብ ጠረጴዛውን እወርርና፣ መብራት አስጠግቼ፣ መነጽር በመነጽር ላይ ደርቤ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ዝንብ አስራለሁ። ልጆቼ ጓደኞቻቸውን ይዘው ሲመጡ በዚያ በኩል አያሳልፏቸውም።

ዝንቧ እውነተኛ አይደለችም። ከመንጠቆ፣ ከክር፣ ከአውራ ዶሮ ላባና ከአውሬ ጸጉር ተሠርታ ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ማታለያ ናት። የምታታልለውም ትራውት የሚባለውን ዓሣ ነው። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ወራጅ ውሃ ካልሆነ አልኖርም የሚል ቀብራራ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ፣ በወብና በዳንካ ወንዞች ውስጥ በሰው እጅ ገብቶ የተዋለደ አለና ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ትልም ፌንጣም ያገኘውን የሚበላበት ቀን አለው። ወንዙ በአንድ ዓይነት በራሪ ሲሞላ ግን ከእሷ በቀር ሌላ አልቀምስም ብሎ ይኮራል። የሰው ልጅ ዝንብ ወደ ማሰር የገባው ይህን ኩራት ለመስበር ነው።

ትራውትን እንዲህ የምታኮራው ፈረንጆች ሜይፍላይ የሚሏት ደቃቃ በራሪ ናት። ክንፎቿን ከጀርባዋ በላይ ቀጥ አድርጋ አቁማ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ጭራ አስከትላ ውሃው ላይ ቁጭ ስትል ላያት ታምራለች። ኑሮዋ ግን ያሳዝናል። አንድ ዓመት ያህል ከወንዝ ሥር ድንጋይ ለድንጋይ ስትድህ ትኖራለች። ቀኗ ሲደርስ ወደ ላይ ትወጣና ቆዳዋን ውሃው ላይ ገፍፋ ክንፍ ታወጣለች። ክንፏ እስኪጠና ድረስ ጥቂት ትንሳፈፋለች፤ ዓሣው የሚጠብቃት እዚህ ላይ ነው። ካመለጠች ቁጥቋጦ ላይ ዐርፋ ቆዳዋን እንደገና ትገፋለች። ክንፍ ካወጣ በኋላ ቆዳ የሚቀይር ነፍሳት ከእሷና ከዘመዶቿ በቀር የለም። ለአንድ ቀን ዕድሜ ሁለት ልብስ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ እህል አትቀምስም፤ ካደገች በኋላ አፏ ለመብላት አይሆንም።

ዶላኒያ አሜሪካና የምትባል ዝርያ አለች፤ ሴቷ ክንፍ ካወጣች በኋላ የምትኖረው ከአምስት ደቂቃ በታች ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ተድራ፣ እንቁላሏን ጥላ፣ ታርፋለች። እኛ ሠርግ ላይ በአምስት ደቂቃ ሙሽሮቹ ከመኪና አይወርዱም። ሌላ ትልቅ ዝርያ ደግሞ በበጋ ምሽት በዊስኮንሲን ላ ክሮስ ከተማ አጠገብ ከሚሲሲፒ ወንዝ በአንድ ጊዜ ስትነሣ፣ የአየር ትንበያው ራዳር ላይ ዝናብ የመጣ ያስመስላል። ድልድይ ላይ ስትረግፍ አስፋልቱ ስለሚያዳልጥ በበረዶ መጥረጊያ መኪና የምትጠረግበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ይህችን አንድ ቀን የምትኖር፣ እህል የማትቀምስ ፍጡር አስመስሎ ለመሥራት የተደረገውን ስብሰባ፣ የተጻፈውን መጽሐፍና የተከፈለውን ገንዘብ ላየ፣ ሰው የሚባለው ፍጡር ሥራ ፈት መሆኑን ይረዳል።

ነገሩን ወደ ሕግ የለወጡት እንግሊዞች ናቸው። ፍሬድሪክ ሃልፎርድ የተባሉ ሰው በ1886 ስለ ተንሳፋፊ ዝንቦች አሠራር አንድ መጽሐፍ አሳተሙ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው)። ሃልፎርድ ዝንቧ እውነተኛዋን በመጠንም በቀለምም ቁርጥ አድርጋ እንድትመስል ይፈልጉ ነበር። ዝንቧ ትድረቅ፤ ወደ ወራጁ ራስ አቅጣጫ ትጣል፤ የምትጣለውም ብቅ ብሎ ሲበላ ለታየ ዓሣ ይሁን። በደቀ መዛሙርታቸው ዘንድ ከውሃ በታች ያለውን ዓሣ በሰጠመች ዝንብ መያዝ ነውር ሆኖ ቀረ። በ1890 ኒው ዮርክ ካትስኪል ተራሮች አካባቢ ዓሣ የሚያጠምዱት ቴዎዶር ጎርደን ለሃልፎርድ ደብዳቤ ጻፉና ናሙና ዝንቦች በፖስታ ተላኩላቸው። የእንግሊዙ ወንዝ ረጋ ያለ ነው፤ የካትስኪሉ ግን ይጋልባል። ጎርደንም ዝንቦቹን ለፈጣን ውሃ እንዲሆኑ አድርገው ለወጧቸው። የአሜሪካ ተንሳፋፊ ዝንብ በዚህ ተወለደች ይባላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የዝንብ መሥሪያ ዕቃ ማዘዣ ግን እግዚኦ ያሰኛል። ሮይ ስቲንሮድ በ1916 የሠሩት ሄንድሪክሰን የሚባል ዝንብ አለ። ወግ አጥባቂ አሳሪዎች ለእሱ አካል የሚፈልጉት ከሴት ቀይ ቀበሮ ሆድ ሥር የተነቀለ፣ ሽንት ደጋግሞ ነክቶት ወደ ሮዝ ያደላ ጸጉር ነው። የወንዱ አይሆንም፤ የጀርባዋም አይሆንም። እንግሊዝ አገር ደግሞ ቲቨርተን ከተማ ኦስቲን የተባሉ የትምባሆ ነጋዴ አንድ ዕጹብ ዝንብ ሠሩ። ከምን እንደሠሩት ግን ለጥቂት ሰው ብቻ በምስጢር ነገሩ፤ ሲሞቱ ልጃቸው ምስጢሩን ጠብቃ እያሰረች ስትሸጥ ኖረች። ኋላ ሲገለጥ ዋናው ነገር ከበግ አውራ ቆለጥ ላይ የሚነቀል ጸጉር ሆኖ ተገኘ። አንድ ጨዋ እንግሊዛዊት ለስንት ዓመት ምስጢሩን በሆዷ ይዛ ኖረች፤ ምን ብላ ታውጣው?

እኔ የማስራት ከነዚህ ሁሉ ጨዋዋን ነው። አዳምስ ትባላለች። ሌን ሃላዴይ የተባሉ ሰው በ1922 ሚሺጋን ውስጥ ሜይፊልድ በምትባል ትንሽ መንደር አሰሯትና ለወዳጃቸው ለቻርለስ አዳምስ ሰጧቸው። አዳምስ በቦርድማን ወንዝ ላይ ሞክረዋት ዓሣው ሲሻማባት በማየታቸው በስማቸው ተጠራች። የአዳምስ ብልሃቷ ማንንም ቁርጥ አድርጋ አለመምሰሏ ነው። አመድማ ናት፣ ክንፍ አላት፣ ጭራ አላት፤ ዓሣው የፈለጋትን ስም ያወጣላታል። በሃልፎርድ ሕግ ብትዳኝ ከፍርድ ቤት አትወጣም ነበር፤ ወንዝ ላይ ግን ዛሬም ከዝንብ ሁሉ በላይ ከሚታመኑት አንዷ ናት። የሚያስፈልጋት ላባ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከቀይ አውራ ዶሮና ከገብስማ አውራ ዶሮ።

መዘዙም ከዚህ ጀመረ። እማዬ አዲስ አበባ ሆና እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ዶሮ ልገዛ ወጥቼ ነበር።»

«እሰይ! ወጥ ልትሠሩ ነው?»

«አይ እማዬ፣ አንገቱን ብቻ ነው የገዛሁት።»

«ለሾርባ?»

«ለላባው ነው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ገብስማ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ቆይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ቀይና ገብስማ ብሎ ማን ነው ያዘዘልህ?» አለችኝ።

«አንድ ሚሺጋን የነበሩ ሰውዬ ናቸው። ሞተዋል።»

«ከሞተ ሰው ጋር ነው የምትማከረው?»

ነገሩን ባብራራሁ ቁጥር እየባሰ ሄደ። ነገሩ የሚፈጸመው ወንዝ ዳር መሆኑን ስትሰማ ጭራሽ ተስፋ ቆረጠች። ቀጥሎ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው እጅ፣ በበርበሬውና በሽሮው መሐል ተሸሽጎ በፕላስቲክ ጠርሙስ የእንጦጦ ማርያም ጸበል ደረሰኝ። ጠጣሁት። ዝንብ ማሰሬ ግን አልለቀቀኝም።

ዋጋውን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። አንደኛ ደረጃ የሆነ የአውራ ዶሮ አንገት ቆዳ ከነላባው፣ ሥጋ የሚባል ሳይነካው፣ ከመቶ ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። እዚሁ ኮሎራዶ ዴልታ በምትባል ከተማ ዋይቲንግ የሚባል ድርጅት አለ፤ ለላባቸው ሲባል ብቻ ትውልድ በትውልድ እየተመረጡ የተዳቀሉ አውራዎችን ያረባል። የእነዚህ ዶሮዎች ላባ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ዘርፉ ድርቅ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ውሃ የማይመጥ። ከአንድ ላባ ከአንድ በላይ ዝንብ ይወጣል። ተራ ዶሮ ላባው ለስላሳና ሰፊ ስለሆነ ውሃ ጠጥቶ ይሰጥማል። ለፋሲካ ከምናርደው ዶሮ ላይ ነቅዬ የሞከርኳት ዝንብ ዓሣውን ሳይሆን የወንዙን አሸዋ ጎብኝታ ተመለሰች።

በ2011 ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። የአሜሪካ ሴቶች የገብስማ አውራ ዶሮ ላባ ጸጉራቸው ውስጥ መሰካት ጀመሩ። የውበት ሳሎኖች የዓሣ ማጥመጃ ሱቆችን ወረሩ፤ ላባው ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ዋጋው ጣራ ነካ። ጺማም አጥማጆች ባዶ መደርደሪያ ላይ ዓይናቸውን ሲያንከራትቱ ታዩ። ፋሽኑ አለፈ፤ ላባውም ተመለሰ፤ ቂሙ ግን አሁንም አለ። ለላባ ሲባል የሚሠራው ወንጀልም ቀልድ አይደለም። በ2009 ለንደን ሙዚቃ የሚማር አንድ አሜሪካዊ የዋሽንት ተማሪ፣ ትሪንግ ከሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሌሊት ገብቶ 299 የወፍ ቆዳዎችን ሻንጣ ሞልቶ ወጣ። ላባውን ለሳልሞን ዓሣ ዝንብ አሳሪዎች ሸጦ ዋሽንት ሊገዛበት ነበር። ከተሰረቁት ውስጥ የተፈጥሮ ተመራማሪው አልፍሬድ ራስል ዋላስ በጫካ ተንከራተው የሰበሰቧቸው ይገኙባቸዋል። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ከሰማች ወዲህ ሙዚየም ስንሄድ እጄን ትይዘኛለች። ፍቅር የመሰለኝ ጊዜም ነበር።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። መንጠቆዋ ቁጥር 14 ናት። ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው የሚያንስበት ዓለም ነው፤ 14 ቁጥር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ብትሆን ነው፣ 20 ቁጥር ላይ ስትደርስ መነጽሩም አይረዳችሁም። መንጠቆዋን በትንሽ ሞርሳ አስነክሳችሁ አመድማ ክር ከፊት ወደ ኋላ ትጠመጥማላችሁ። ከቀዩም ከገብስማውም ላባ ጥቂት ጥቂት ዘርፍ ቀላቅላችሁ፣ በመንጠቆዋ ወገብ ርዝመት ልክ ጭራ ታስራላችሁ። ጭራው ጠንካራ ካልሆነ ዝንቧ በመቀመጫዋ ውሃ ውስጥ ትቀመጣለች።

ቀጥሎ ክንፍ ነው። ከገብስማው ሁለት የላባ ጫፎች እኩል ለክታችሁ፣ ከመንጠቆዋ ቀለበት ራቅ አድርጋችሁ ታቆማላችሁ፤ ክሩን በመሐላቸው በስምንት ቁጥር ቅርጽ እያመላለሳችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትለያያላችሁ። አንደኛው ቀጥ ሲል ሌላው ይተኛል። የተኛውን ስታነሡ የቆመው ዞሮ ወደ ኋላ ያያል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው «እራት ቀርቧል» የሚለው ሁልጊዜ ይህን ጊዜ ነው።

አካሏ የሚሠራው መስክራት ከምትባል ውሃ ዳር ከምትኖር አይጥ መሰል አውሬ ጸጉር ነው። ጠጉራም ቆዳውን በጣታችሁ ጨበጥ አድርጋችሁ ረጃጅሙን ጠንካራ ጸጉር መዝዛችሁ ትጥላላችሁ፤ የሚፈለገው ከሥር ያለው አመድማ ለስላሳ ነው። ሰም የተቀባውን ክር ዘርግታችሁ ጸጉሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ታሻላችሁ። የሚነሣው ጸጉር መጠን ዓይን የሚያጠራጥር፣ አለ ወይስ የለም የሚያሰኝ መሆን አለበት። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ለጋስ ይሆንና ዝንቧን ያደልባታል፤ ነፍሳቷ ግን አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ለመብላት አይደለም።

በመጨረሻ ሁለቱ ላባዎች፣ ቀዩና ገብስማው፣ አገዳቸው ላይ ይታሰሩና ተራ በተራ ዙሪያዋን ይጠመጠማሉ፤ ሦስት ዙር ያህል ከክንፉ ኋላ፣ ሁለት ያህል ከፊት። ያን ጊዜ ዘርፉ በየአቅጣጫው ብትን ብሎ ይቆማል። ቀይና አመድማ ተቀላቅሎ ከመብራቱ ሥር ሲያብረቀርቅ፣ ከደቂቃ በፊት የላባ ቁራጭ የነበረው ነገር እግር አውጥቶ ሊሄድ የተነሣ ይመስላል። የታሰረችው ዝንብ ቀለበቱ አጠገብ በክር ተቋጥራ፣ ቋጠሮው ላይ ጠብታ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ይደረግላታል። የጥፍር ቀለሙ የባለቤቴ ነው። እየጎደለ መሆኑን ታውቃለች፤ ማወቋን እንደማላውቅ ሆኜ እኖራለሁ።

ይህን ሁሉ ለፍቶ ወንዝ የወረደ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ዓሣው ምን ያያል? ትራውት ከታች ወደ ላይ ሲያይ ከራሱ በላይ ባለች ክብ መስኮት ብቻ ነው ውጭውን የሚያየው። ከመስኮቷ ውጭ ያለው የውሃ ገጽ ከታች ሲታይ መስታወት ነው። ዝንቧ ከሩቅ ስትመጣ ዓሣው የሚያየው የላባው ዘርፎች ውሃውን የረገጡበትን የብርሃን ነጠብጣብ ነው፤ ክንፏ የሚታየው መስኮቷ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ነው። ቪንሰንት ማሪናሮ የተባሉ የፔንሲልቬንያ ሰው በ1950 ባሳተሙት መጽሐፍ ዝንብን ከሰው ሳይሆን ከዓሣው ዓይን አንጻር እንድናይ ተከራክረዋል። ከሰማዩ ብርሃን ጋር ተፎካክሮ ቀዩ ከገብስማው የተቀላቀለበትን ውበት ማን ከታች ሆኖ ይለይ? ከዚህ ይልቅ ዓሣው የሚያስተውለው አካሄዷን ነው። ሲባጎውን ፈጣኑ ወራጅ ከያዘውና ዝንቧ ከውሃው ፍጥነት ወጥታ ከተጎተተች፣ ላባዋ የሺህ ዶላር ቢሆን አፍንጫውን አዙሮ ይሄዳል። ውሃው እንደወሰዳት ከተወሰደች ግን፣ ክንፏ የተሰበረ፣ ጭራዋ የተነቀለ፣ በሌላ ዓሣ ጥርስ የተቦጫጨቀች ዝንብ ሳይቀር ትበላለች። ብዙ አጥማጆች እንዲያውም የተቦጫጨቀችው ትሻላለች ይላሉ።

ጎረቤቴ አዛውንት አሜሪካዊ ጡረተኛ ናቸው። ዝንብ አስረው አያውቁም፤ ከሱቅ በሦስት ዶላር የምትሸጠውን ይገዛሉ። ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ አብረን ስንወጣ የእርሳቸው አሮጌ ዝንብ በሣጥኔ ካሉት ሙሽሮች ሁሉ ቀድማ ዓሣ ታወጣለች። ወደኔ ዞር ብለው «የአንተ ግን ታምራለች» ይሉኛል። ምስጋናውን የሚሰጥ ሁልጊዜ ዓሣ የያዘው ነው።

ዝንብ አሳሪ ሁሉ በጀመረበት ሰሞን «ገንዘብ ለመቆጠብ ነው» ይላል። የሞርሳው፣ የላባው፣ የክሩ፣ የመስክራቱ፣ የመብራቱና የመነጽሩ ሒሳብ ሲደመር የሱቁ ዝንብ እስከ ልጅ ልጅ ትበቃው ነበር። ቀጥሎ «ለዓሣው ነው» ይላል። የዓሣውን ዓይን ነገር አይተነዋል። እንግዲህ የሚቀረው አንድ ሰው ነው። ሃልፎርድ ያንን የቀለም ድርድር ያደረጉት፣ ያቺ እንግሊዛዊት የበጉን ነገር ዓመታት የደበቀችው፣ እኔም ሁለት ዓይነት ላባ የማቀላቅለው ለዚያው ሰው ነው። አስቀድሞ ዝንቧን የሚውጠው አሳሪው ራሱ ነው። ከሞርሳው ሲፈታት ወደ መብራቱ ያነሣታል፣ ያዞራታል፣ እፍ ይልባታል፣ ፎቶ ያነሣታል። ከሁሉ ያማረችውን ደግሞ ትበላሽብኛለች ብሎ ውሃ አያሳያትም፤ የዓሣ ማጥመጃ ሆና ተወልዳ በሣጥን ትኖራለች።

እማዬ ይህን ቶሎ ነው የደረሰችበት። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይዤ መልሼ መልቀቄን ስነግራት ደስ አላት።

«እሰይ ልጄ! ስለ ጾሙ ብለህ ነው?»

«በፍስክም እንለቃለን እማዬ። የምንሄድበት ቦታ ሕጉ የያዙትን መልቀቅ ነው።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው ምን ብለህ ያዝከው?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን እንኳን እኔ ሃልፎርድም አልጻፉም።

ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ምክሬ አጭር ነው። አዳምስን አስቀድሙ፤ አመለ ሸጋ ናት። ለአካሏ ከመሰላችሁ ግማሹን ጸጉር ብቻ ውሰዱ። ከቀለበቱ አጠገብ ቦታ ተዉ፤ ሳይተው የጨረሰ ሁሉ ቋጠሮውን የሚያሳርፍበት አጥቶ ሲንጨረጨር ያድራል። ሞርሳውን እራት ሳይቀርብ አንሡ። የጥፍር ቀለም የራሳችሁን ግዙ። የላባውን ቀለም ግን ለእናታችሁ በስልክ አትንገሩ፤ የግድ ከሆነም አንዱን ዶሮ ብቻ ጥሩ።